ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት፦ ለወሎ ዳገት የሚሆን ሳይክል አመራረጥ

ሳይክል ሊገዛ የወጣ ሰው ቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀጥሎ «ስንት ማርሽ አለው?» ይላል፣ ከዚያ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። ስለ እግሩ ርዝመት የሚጠይቀው ሻጭ እምብዛም አይገኝም። ራሱ ገዢው «ትንሽ ከፍ አለብኝ» ቢል እንኳ መልሱ «አብሽር፣ ይስተካከላል» ነው። ብዙው ነገር በእርግጥም ይስተካከላል፤ ኮርቻ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ጎማ ይቀየራል፣ ፍሬን ይጠብቃል። ሁለት ነገሮች ግን ብሩ ከኪስ ከወጣ በኋላ አይስተካከሉም፣ ቢስተካከሉም የሳይክሉን እኩሌታ ያስወጣሉ። አንደኛው የፍሬሙ ልክ ነው፤ ሌላው ዳገት ላይ የምትደርሱበት የመጨረሻው ቀላል ማርሽ። ለእነዚህ ሁለቱ ስትሉ ቀለሙን፣ የሚያብረቀርቀውን ሞላና ተለጣፊ ጽሑፉን ሁሉ ብትተዉ አትከስሩም።

እግራችሁን ቤት ውስጥ ለኩ። ጫማ አውልቁና ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ቁሙ፤ በሁለቱ እግሮቻችሁ መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይከፈት። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭኖቻችሁ መካከል አስገቡ፣ አንዱን ጠርዝ ግድግዳው ላይ አስደግፉና ኮርቻ ላይ የተቀመጣችሁ ያህል እስኪሰማችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን ሌላ ሰው በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካላችሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ሰው ሁሉ ላላ አድርጎ ስለሚይዘው ሦስቴ ለኩና መካከለኛውን ውሰዱ። የሱሪ ቁጥር እዚህ አይሠራም፤ ሱሪ የሚለካው ከስፌቱ ጀምሮ ስለሆነ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ያንሳል። የሰውነት ቁመት ብቻውንም አይበቃም። ሁለት ሰዎች እኩል 1.70 ሜትር ሆነው የአንዱ እግር ከሌላው በ5 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ የአንዱ ርዝመት ከወገብ በላይ ነው፣ የሌላው ከወገብ በታች።

የወጣው ቁጥር 78 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ለኮረኮንችና ለተራራ መንገድ ሳይክል 78ን በ0.225 አባዙት፤ 17.5 ኢንች ይመጣል። ለአስፋልት ብቻ የሚነዳ ባለ ቀጭን ጎማ ከሆነ በ0.66 አባዙት፤ 51.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። እነዚህ የፍሬም ልኮች ናቸው፤ የሚለኩትም ከፔዳሎቹ መሐል አክስል እምብርት ተነስቶ የኮርቻው ቱቦ የሚገባበት የፍሬም አናት ድረስ ነው። ሱቅ ውስጥ «ይሄ 26 ነው» ሲሏችሁ የሚነግሯችሁ የጎማውን ዲያሜትር፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር ያለውን ልክ ነው እንጂ የፍሬሙን አይደለም። ባለ 26 ጎማ ሆኖ ፍሬሙ 15 ኢንችም 20 ኢንችም ይሆናል። የልብስ ሰፊውን ሜትር ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱና ራሳችሁ ለኩ። ነጋዴው ቢስቅ ይሳቅ።

ከዚያ ሳይክሉን በእግሮቻችሁ መካከል አድርጋችሁ፣ ከኮርቻው ፊት ለፊት፣ ሁለቱንም ተረከዝ መሬት አስነክታችሁ ቁሙ። አግዳሚው ብረት ከብሽሽታችሁ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ኮረኮንች ላይ ለሚነዳ 5 እና ከዚያ በላይ። ዳገት መሐል ሳይክል ሲቆም የሚወረደው በድንገት ነው፤ ያቺ ክፍተት ከሌለች ምን እንደሚሆን መጻፍ አያስፈልግም።

በሁለት ልክ መካከል ከወደቃችሁ ትንሹን ውሰዱ። ትንሽ ፍሬም የኮርቻ ቱቦ በማውጣትና መሪውን የያዘውን አንገት በረዘመ በመለወጥ ያድጋል፤ ትልቅ ፍሬም የሚያንስበት መንገድ የለም። የኮርቻ ቱቦው ላይ ግን የተቀረጸ የወሰን መስመር አለ። ያ መስመር ከፍሬሙ ውጭ ከታየ ቱቦው ወይም ፍሬሙ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ወሰኑን አሳልፎ በማውጣት ልኩን ማምጣት መፍትሔ አይሆንም። ክንዱና ደረቱ ረጅም፣ እግሩ አጭር የሆነ ሰው ብቻ ወደ ትልቁ ቢያዘነብል ያስኬደዋል።

የኮርቻው ከፍታ ራሱን የቻለ ሒሳብ አለው። የእግራችሁን ልክ በ0.883 አባዙ፤ ለ78 ሲሆን 69 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ ከመሐል አክስሉ እምብርት እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ሜትር የሌለው ሰው ግድግዳ ይደገፍና ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዙን ፔዳሉ ላይ ያድርግ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቱ ቀጥ ካለ ልክ ነው። ሲነዳ የሚረግጠው በተረከዙ ሳይሆን ከጣቶቹ ሥር ባለው ሰፊው የእግር ክፍል ስለሆነ ጉልበቱ በቂ እጥፋት ያገኛል። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው ኮርቻውን በጣም ዝቅ አድርጎ ነው የሚነዳው፤ ቁጭ እንዳለ ሁለቱንም እግሩን መሬት ማስነካት ይፈልጋላ! እንደዚያ ሲነዳ ጉልበቱ ከልክ በላይ እየታጠፈ ይሠራል፤ ዳገት ላይ ከጉልበት ሎሚ ፊት ለፊት የሚሰማው ሕመም በብዛት ከዚህ ይመጣል። ሕመሙ ከጉልበት ኋላ ከሆነ፣ ወይም ሲነዱ ዳሌ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ኮርቻው ከፍ ብሏል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አትቀይሩ። እጅ የሚደነዝዝና አንገት የሚያም ከሆነ ደግሞ ከፍታው ሳይሆን ከኮርቻ እስከ መሪ ያለው ርቀት ነው የበዛው፤ ክርናችሁ በትንሹ ታጥፎ መሪውን መያዝ መቻል አለባችሁ።

አሁን ወደ ዳገቱ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በመሐከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ ግን እኩል ተከፋፍሎ አልተዘረጋም፣ ሐረጎ ላይ ተጠራቅሞ ይጠብቃችኋል። ሰባት በመቶ የሚወጣ ዳገት ላይ ሰውና ሳይክል ተደምረው 80 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፣ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 150 ዋት ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ለጤናማ ሰው የሚቻል ነው፤ አድካሚ ቢሆንም ይቻላል። የሚቻል የሚሆነው ግን እግራችሁ በደቂቃ ከ70 እስከ 85 ጊዜ መዞር ሲችል ነው።

ማርሽ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «21 ማርሽ» ማለት ፊት 3፣ ኋላ 7 ማለት ነው፤ ዳገት ያወጣ አያወጣ ቁጥሩ አይናገርም። የሚናገረው የጥርስ ብዛት ነው። ቁጭ በሉና ከፊት ያለውን ትንሹን ክብ፣ ከኋላ ያለውን ትልቁን ክብ ጥርስ ቁጠሩ፤ አንዳንዴ ብረቱ ላይ ተጽፏል። የፊቱን ለኋላው አካፍሉ። ርካሽ ባለ 21 ሳይክሎች ላይ የሚበዛው ፊት 24፣ ኋላ 28 ነው፤ 0.86 ይሆናል። በ26 ኢንች ጎማ ይህ በአንድ ዙር 1.77 ሜትር ያስኬዳል፤ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በደቂቃ 85 ዙር ገደማ ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ደሴ ያስገባል። ማርሽ የሌለው ባለ 28 ጎማ ሳይክል ፊት 44፣ ኋላ 18 ሲሆን ግን 2.44 ይመጣል፤ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ፍጥነት በደቂቃ 27 ዙር። እያንዳንዱ ምት ቆሞ ደረጃ እንደመውጣት ነው፤ ጉልበት ይጨርሳል፣ የፔዳሉን ክንድም ከአክስሉ ያላላል።

ስለዚህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ደሴ፣ ወልድያ፣ ላሊበላ ውስጥ ለሚነዳ ሰው የፊቱ ለኋላው ሲካፈል ከ1 በላይ የሚመጣ ሳይክል አይገዛም። ዕቃ የሚጭን ከሆነ ከ0.9 በታች ይፈልግ። ቆቦ ሜዳ ላይ፣ ወይም ኮምቦልቻ ከቤት ፋብሪካ ለሚመላለስ ሰው ታሪኩ ይገለበጣል፤ ያ ማርሽ አልባው ሳይክል በደቂቃ 60 ዙር በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ የሚበላሽበት ነገርም ጥቂት ነው። ማርሽ ስለበዛ ብቻ ብር መጨመር አያስፈልግም። በተቃራኒው ኋላ ላይ 7 ወይም 8 ክብ ያለውን ምረጡ፤ ለሁለቱም የሚሆነው ሰንሰለት አንድ ዓይነት ነው፣ ረከስ ይላል፣ በቀላሉም ይገኛል። ክቦቹ 10 እና 11 ሲሆኑ ሰንሰለቱ ይቀጥናል፣ ዋጋው ይወፍራል፣ ሲበጠስም መኪና ተሳፍሮ ፍለጋ ነው።

የወጣ ይወርዳልና ፍሬን። 80 ኪሎ ከደሴ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል አንድ ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ንፋስ ይወስደዋል፤ የቀረው የሚገባው ፍሬናችሁ ውስጥ ነው። ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዘው ፍሬን ሙቀቱን ለቸርኬው፣ ቸርኬው ለከመነዳሪው ያስተላልፋል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሳይለቁ የያዙት ፍሬን የከመነዳሪ ልጥፍ ያስለቅቃል፣ ሲብስ ጎማ ያፈነዳል። መላው አያያዝ ነው፦ ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ከዚያ ልቀቁና ይቀዝቅዝ፤ የፊቱንና የኋላውን አብራችሁ ተጠቀሙ። ከጅቡቲ መስመር የሚመጡት ተሳቢዎች በዚሁ መንገድ ስለሚያልፉ የኋላ ፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ አይታሰብ። ፔዳል ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዝ ፍሬን ያለው ሳይክል ደግሞ ሐረጎን ፈጽሞ አይውረድ፤ በውስጡ ያለው ግራሶ ይቃጠላል፣ ሰንሰለት ከወለቀም ፍሬን የለም።

ክረምት ላይ የቸርኬ ፍሬን ሌላ ችግር አለበት። ውሃ ሲነካው ለመጀመሪያዎቹ ዙሮች አይዝም፤ ከጭቃው ጋር የሚገባው አሸዋ ደግሞ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ዲስክ ፍሬን፣ ማለትም ቸርኬውን ሳይሆን ጎማው መሐል ላይ ያለውን ሳህን የሚይዘው፣ ከዚህ በአብዛኛው ነፃ ነው። ዲስክም ሁለት ዓይነት ነው፦ በካቦ የሚሳብና በዘይት የሚሠራ። የዘይቱ እጅ ላይ ይለሰልሳል፣ በደንብም ይይዛል፤ ግን አየር ሲገባበት ማስወጫ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ዘይቱም ሁለት ዓይነት ስለሆነ አንዱን በሌላው ቦታ ብትጨምሩ ውስጡ ያለው ላስቲክ ይበላሻል። የካቦውን ማንኛውም ጠጋኝ ይሠራዋል። ለወሎ በካቦ የሚሳብ ዲስክ፣ ባለ 160 ሚሊ ሜትር ሳህን፣ ከሁሉም ይሻላል እንላለን። አንድ ብልሃት፦ ስትገዙት አንድ ጥንድ የፍሬን ሸራ አብራችሁ ግዙ፤ ቅርጹ በየሞዴሉ ስለሚለያይ በኋላ የሚመሳሰል ማግኘት ጊዜ ይፈጃል።

ጎማ ላይ ሰው የሚሸወደው በቁጥር ነው። 28 የሚል ጎማ ሁለት ነው። በድሮው ከባድ ሳይክል ላይ ያለው ከጎማው ጎን 40-635 ይላል፤ በአዲሶቹ ላይ ያለው 37-622 ወይም ሌላ ቁጥር ከ622 ጋር። የኋለኛው ቁጥር ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው፤ 13 ሚሊ ሜትር ልዩነት ማለት አንዱ በሌላው ላይ በጭራሽ አይገባም ማለት ነው። 26ም እንዲሁ ነው፦ ወፍራሙ 559፣ ባለ 1 3/8 ቀጭኑ 590። ሳይክሉን ከመግዛታችሁ በፊት ቁጥሩን ጻፉና በሰፈራችሁ ያለ የሳይክል ዕቃ ሻጭ ጋ ጎማና ከመነዳሪ እንዳለ ጠይቁ። ከሌለ የምትገዙት ሳይክል ሳይሆን ጌጥ ነው።

ቫልቩንም እዩ። ወፍራሙ፣ የመኪና ዓይነቱ ከሆነ ጎሚስታ ቤት ሁሉ ይነፋላችኋል። ቀጭኑ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ዳዶ ያለው ከሆነ የጎሚስታው አፍ አይገጥመውም፤ መገጣጠሚያዋን ሁልጊዜ መያዝ ግዴታ ነው። ለመኪና የተሠራ ኮምፕረሰር የሳይክል ከመነዳሪ በሰከንዶች ይሞላልና ነፊው ጫን አድርጎ ከያዘው ይፈነዳል፤ «በአጭር በአጭሩ» በሉት። ከ1.75 እስከ 2.1 ኢንች ለሚሰፋ ጎማ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ35 እስከ 45 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃል፤ ኮብልስቶን ላይ ዝቅ ያለው፣ አስፋልት ላይ ከፍ ያለው ይሻላል። ከዚህ ስፋት የጠበበ ጎማ ለደሴ ኮብልስቶን አንመክርም፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ስንጥቅ ይይዘዋል። በቆቦና በባቲ በኩል ጠላታችሁ የግራር እሾህ ነውና ደርቡ ወፈር ያለ ጎማ፣ አንድ ተጨማሪ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና ትንሽ መንፊያ ሳትይዙ ከከተማ አትውጡ።

ከፊትና ከኋላ ሞላ ያለው ርካሽ ሳይክል ዓይን ይማርካል። ይቅርባችሁ። ክብደቱ 17 እና 18 ኪሎ ይደርሳል፣ ዳገት ላይ በረገጣችሁ ቁጥር ሞላው ወደ ታች እየተጠመቀ የእግራችሁን ጉልበት ይበላል፣ መጋጠሚያዎቹም ቶሎ ይላላሉ። ሞላ ካስፈለገ የፊቱ ይበቃል፤ ሰፊ ጎማ ግን ከርካሽ ሞላ ይበልጣል። የፍሬሙን ነገር ካነሣን፣ አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ብረት ከባድ ነው። ብረቱ ሲሰነጠቅ ግን ብረታ ብረት ቤት ይበየዳል፤ አሉሚኒየሙን በተራ ብየዳ የሚመልሰው የለም።

ቀሚስ፣ ጀለቢያ ወይም ሽርጥ ለብሶ ለሚነዳ ሰው አግዳሚው ብረት ወደ ታች ያጎነበሰ ፍሬም ምረጡ፤ «የሴት ሳይክል» የሚለው ስም አያሳስብ፣ ጭነት ለሚያበዛ ወንድም እግር አንስቶ ከመሻገር ያድናል። ሰንሰለቱ ሙሉ ሽፋን፣ የኋላው ጎማ ላይ የልብስ መከላከያ መረብ፣ በሁለቱም በኩል ፓራፋንጎ ይኑረው። ነጠላ ጎማ ውስጥ ከገባ የሚቆመው ሳይክሉ ብቻ አይደለም። የኋላው ዕቃ መጫኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 25 ኪሎ ተብሎ ይጻፍበታል፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልታችሁ ስትጭኑ ወሰኑ ጋ ተጠግታችኋል።

ለልጅ «ያድግበታል» ብሎ ትልቅ መግዛት አያዋጣም። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ቢያንስ የሁለቱ እግሮቹ ጣቶች መሬት ካልነኩ፣ ጣቶቹም የፍሬን እጀታ ካልደረሱበት፣ ያ ሳይክል ገና የእርሱ አይደለም።

መረጣችሁ እንበል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሳይክሉን እንደሚከተለው ፈትሹት፤ ብዙዎቹ ተፈታተው በካርቶን መጥተው እዚህ ስለሚገጣጠሙ ስሕተቱ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ተገልብጦ እንዳልተገጠመ እዩ፤ ጎበጥ ያለው ጫፉ ወደ ፊት፣ የቸርኬ ፍሬኑም ከሹካው ፊት ለፊት መሆን አለበት። ተገልብጦ የተገጠመ ሳይክል ብዙ ጊዜ ይታያል፤ መሪው ይቅበዘበዛል፣ ስትታጠፉም የጫማችሁ ጫፍ ጎማውን ይነካል። የፊት ፍሬን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ናጡት፤ አንገቱ ላይ «ቋ፣ ቋ» ካለ ኩሽኔታው አልጠበቀም። የፔዳሉን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉና ሳቡ፤ ሊነቃነቅ አይገባም። ጎማውን አንሥታችሁ አዙሩ፤ ቸርኬው ወደ ጎን ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሚጨፍር ከሆነ እዚያው ያቅኑላችሁ። የጎማ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ በጣት ጨምቁ፤ አንዱ ጠንካራ አንዱ ልል ከሆነ በኮረኮንች ይበጠሳሉ።

ፔዳሎቹ ላይ አትቸኩሉ። «ኤል» የሚለው የግራ፣ «አር» የሚለው የቀኝ ነው። የግራው ጥርስ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ ይህን ያልተረዳ ገጣጣሚ በኃይል ያስገባውና የክንዱን ጥርስ ይልጠዋል። ከተላጠ ክንዱን መቀየር ነው። መጀመሪያ በእጅ፣ ያለ ቁልፍ፣ ሦስት አራት ዙር መግባት አለበት። ማርሹን ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ ሁሉንም ቀይሩ፤ ከዚያም ወጣ ብላችሁ ዳገት ላይ ጫን አድርጋችሁ ሞክሩት። ሜዳ ላይ ዝም ያለ ሰንሰለት ዳገት ላይ የሚዘልበት ጊዜ አለ፣ ሱቁም ፊት ለፊት ዳገት አያጣም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱበት። አዲስ ካቦ ይረዝማል፣ ሽቦ ይላላል፣ ከሁሉም በላይ የፔዳል ክንድ ዳዶ ይለቃል። ላልቶ የተነዳ ክንድ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከሰፋ በኋላ ምንም ብታጠብቁት አይጸናም። 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ፣ ለፔዳል 15 ቁጥር ቁልፍ ቤታችሁ ይኑር። ደረሰኝ ስትቀበሉም ሳይክሉን ገልብጡትና በፔዳሎቹ መሐል፣ ከፍሬሙ ሆድ ሥር የተቀረጸውን ቁጥር ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ ሳይክሉ ጠፍቶ ፖሊስ ጣቢያ ቢገኝ የእናንተ መሆኑን የምታሳዩበት እሱ ነው።